የመጸዳጃ ቤት አያያዝ፣ ጥገናና እድሳት፦ ለቢቸና፣ ለሞጣና ለአካባቢያቸው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

መጸዳጃ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው መጠበቅ፣ መጠገንና መታደስ የሚገባው የቤት አካል ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ብዙ ድካምና ወጪ ፈሶባቸው የተሠሩ መጸዳጃ ቤቶች በአንድ ክረምት ሲደረመሱ፣ ወለላቸው ሰጥሞ ለሕፃናት አደጋ ሲሆኑ ወይም ሞልተው ሲተዉ ይታያል። አገልግሎት ያቆመ መጸዳጃ ቤት ያለው ቤተሰብ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳ መጸዳዳት ይመለሳል፤ በዚህም ቀድሞ የተገኘው የጤና ጥቅም ይጠፋል።

ይህ ማብራሪያ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነማይ ወረዳ በምትገኘው በቢቸና ከተማ፣ በሞጣ ከተማና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እንዲሁም በአጎራባች ቀበሌዎች ለሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች፣ አከራዮችና ተከራዮች፣ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችና የጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ተመሳሳይ መሬትና የአየር ሁኔታ ባላቸው ሌሎች አካባቢዎች የሚኖሩ ዜጎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. ጥገና ለምን ያስፈልጋል?

በአግባቡ ያልተወገደ የሰው ዓይነ ምድር ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ልዩ ልዩ የአንጀት ትላትል ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፉ ምክንያት ይሆናል። በአማራ ክልል በስፋት የሚታወቀው የዓይን ሕመም ትራኮማም ከዚሁ ጋር ተያያዥነት አለው። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያዛምቱ ነገሮች አንዱ የዓይን ዝንብ ሲሆን፣ ይህ ዝንብ እንቁላሉን መጣል የሚመርጠው በሜዳ ላይ በተጋለጠ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ዓይነ ምድሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን የመራቢያ ስፍራውን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን ለማጥፋት ከሚመክራቸው አራት ተግባራት መካከል ከቀዶ ሕክምና፣ ከመድኃኒትና ከፊት ንጽሕና ቀጥሎ የአካባቢ ንጽሕና መሻሻል የተካተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ልምድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካርተር ማዕከል ድጋፍ ከተካሄደው የትራኮማ መከላከል ሥራ ጋር በተያያዘ ብዙ አባወራዎች በአካባቢያቸው በሚገኝ ቁሳቁስ በአነስተኛ ወጪ መጸዳጃ ቤት ሠርተዋል። በእንጨት፣ በጭቃና በድንጋይ የተሠራ መጸዳጃ ቤት በቂ አገልግሎት እንደሚሰጥ ይህ ልምድ ያሳያል። ይሁን እንጂ እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ ጉድጓድም ይሞላል። ስለዚህ የተሠራውን መጠበቅ ከመሥራት ያላነሰ ትኩረት ይሻል።

2. የአካባቢው መሬትና ዝናብ የሚያስከትሉት ችግር

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይዘንባል። በአካባቢው፣ በተለይም በእነማይ ሜዳማ ክፍል፣ ለጤፍ ምርት ምቹ የሆነው ጥቁር ዋልካ አፈር በስፋት ይገኛል።

ዋልካ ለመጸዳጃ ቤት ግን ሦስት ችግሮችን ያስከትላል። አንደኛ፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሲርስ ያብጣል፤ ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም እንቅስቃሴ የጉድጓዱን አፍ ይፈረፍራል፣ ግድግዳውን ይሰነጥቃል፣ ወለሉንም ያዘማል። ሁለተኛ፣ ከራሰ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ ስለማያሳልፍ በክረምት የጉድጓዱና የሴፕቲክ ታንኩ ፍሳሽ መሄጃ አጥቶ ከፍ ይላል። ሦስተኛ፣ በሜዳማ ስፍራ የዝናብ ውሃ ስለሚተኛ ጉድጓዱ በጎርፍ የመሞላት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ ማብራሪያ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ምክሮች እነዚህን ሦስት ችግሮች አስቀድሞ ለመከላከል ያለሙ ናቸው።

3. በአካባቢው የሚገኙ የመጸዳጃ ቤት ዓይነቶች

የጥገናው ዓይነት እንደ መጸዳጃ ቤቱ ዓይነት ስለሚለያይ ነዋሪዎች በቅድሚያ የራሳቸውን ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ሀ) ባለ ጉድጓድ ተራ መጸዳጃ ቤት፦ ጉድጓድ፣ ቀዳዳ ያለው ወለልና መጠለያ ያለው ነው። ቀዳዳው ከአገልግሎት በኋላ መከደን አለበት።

ለ) የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው የተሻሻለ መጸዳጃ ቤት፦ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚምባብዌ የተሻሻለ ንድፍ ነው። ነፋስ በቱቦው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ ሽታ ይስባል፤ ዝንቦችም ብርሃኑን ተከትለው ወደ ቱቦው ሲወጡ በጫፉ ባለው የሽቦ ወንፊት ተይዘው ይቀራሉ። ይህ የሚሠራው አየር በቀዳዳው በኩል ሲገባ ስለሆነ ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጎ መክደን አይገባም፤ መጠለያው ውስጥም ጨለም ያለ መሆን አለበት።

ሐ) በእጅ ውሃ የሚደፋበት መጸዳጃ ቤት፦ መቀመጫው ውሃ የሚቋጥር ሲፎን ወይም በክብደት የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለው። ሳቶ በሚባል የንግድ ስም የሚታወቀው የፕላስቲክ መቀመጫ ከዚህ ዓይነት ይመደባል። ክዳኑ ወይም የተቋጠረው ውሃ ሽታና ዝንብን ያግዳል።

መ) በውሃ የሚሠራ መጸዳጃ ቤት፦ የሸክላ ሳህን፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ሴፕቲክ ታንክና የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ ያለው ሲሆን በሆቴሎች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በአዳዲስ የከተማ ቤቶች ይገኛል።

4. መደበኛ የአያያዝ ተግባራት

በየቀኑ፦ ወለሉን ይጥረጉ፤ ያደፈ ካለ በውሃና በሳሙና ያጥቡ። በተራ ባለ ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ይጨምሩና ይክደኑ። ሲፎን ባለው መቀመጫ ግን አመድ፣ አፈር ወይም ድንጋይ በፍጹም አይጨምሩ፤ ሲፎኑን ይደፍናሉና። በበሩ አጠገብ ውሃና ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያ ያዘጋጁ። ቧንቧ ከሌለ ከታች ቀዳዳ የተበጀለት ጀሪካን ወይም የሃይላንድ ጠርሙስ አንጠልጥሎ መጠቀም ይቻላል።

በየሳምንቱ፦ መቀመጫውን፣ የእግር መቆሚያውንና የበሩን እጀታ በበረኪና ውሃ ያጽዱ። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና 1 እጅ በ9 እጅ ንጹሕ ውሃ በመበጥበጥ መጠቀም ይቻላል። በረኪናን ከአሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንኩ በብዛት አይድፉ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድላል።

በየወሩ፦ ወለሉ መሰንጠቅ ወይም መዝመም መጀመሩን፣ የጉድጓዱ አፍ መፈረፍረፉን፣ የሽቦ ወንፊቱ መቀደዱን፣ የአየር ማስወጫ ቱቦው በሸረሪት ድር መዘጋቱን ይመልከቱ። የእንጨት ወለል ከሆነ አግዳሚዎቹን በጠንካራ ዱላ ወይም በብረት እየወጉ ይፈትሹ፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው።

ከክረምት በፊት (በሚያዝያና በግንቦት)፦ በመጸዳጃ ቤቱ ዙሪያ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፍሩ ወይም የተደፈነውን ያጽዱ። ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መሬት ከአካባቢው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አፈር ጨምረው ይደልድሉ። በበጋ የተፈጠሩትን የዋልካ ስንጥቆች ሳይዘንብ ይድፈኑ፤ የዝናብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ የሚገባው በእነዚህ ስንጥቆች ነው። የጣሪያው ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ አሸንዳ ያብጁ።

ከክረምት በኋላ (በጥቅምት)፦ የጉድጓዱን ግድግዳ በባትሪ ብርሃን ከላይ ሆነው ይመልከቱ፤ የተናደ አፈር ካለ የጉድጓዱ ጥልቀት መቀነሱን ይገምቱ። ትልልቅ ጥገናዎችን ለማካሄድ የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ መሬቱ ጠጥሯል፣ ስንጥቁም ገና አልሰፋም።

5. የሚያጋጥሙ ብልሽቶችና መፍትሔዎቻቸው

5.1 ሽታና ዝንብ

በተራ መጸዳጃ ቤት ሽታ ከበዛ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የክዳን አለመኖር ወይም ወደ ጉድጓዱ ብዙ ውሃ መግባቱ ነው። የልብስ ማጠቢያና የገላ መታጠቢያ ውሃ ወደ ጉድጓዱ መደፋት የለበትም። የአየር ማስወጫ ቱቦ ባለው መጸዳጃ ቤት ሽታ ሲኖር ቱቦው ከጣሪያው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን፣ ስፋቱ ከ11 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መሆኑንና ውስጡ አለመዘጋቱን ያረጋግጡ። የተዘጋውን ቱቦ ከላይ አንድ ባልዲ ውሃ በማፍሰስ ማጽዳት ይቻላል። ከፍ ያለ ዛፍ ወይም ግንብ ነፋሱን ከጋረደው ቱቦውን ማስረዘም ይጠቅማል። የተቀደደ ወንፊት ባለበት ቱቦ ዝንብ እንደ ልብ ስለሚመላለስ ወንፊቱ ወዲያውኑ መለወጥ አለበት።

ሽታን ለማጥፋት ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ፀረ ተባይ ኬሚካል ወደ ጉድጓድ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ይህ አፈርንና የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል፤ ነጭ ጋዝም የእሳት አደጋ ያስከትላል።

5.2 የዘመመ ወይም የተሰነጠቀ ወለል

ይህ ለሕይወት አስጊ ከሆኑት ብልሽቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ወለሉ ሲረገጥ ከተነቃነቀ፣ በአንድ ወገን ዝቅ ካለ ወይም እንጨቱ ድምፅ ካሰማ ጥገናው እስኪጠናቀቅ ድረስ መጸዳጃ ቤቱን ይዝጉ፤ በሩን ያስሩ፤ ሕፃናት እንዳይቀርቡ ይከልክሉ።

የጉድጓዱ አፍ ጠንካራ ከሆነና የበሰበሰው ወለሉ ብቻ ከሆነ በኮንክሪት ወለል መለወጥ ዘላቂ መፍትሔ ነው። አፉ 1 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ የሚከተለውን መጠን መጠቀም ይቻላል።

• የወለሉ ስፋት 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
• ቀዳዳው ከ18 ሴንቲ ሜትር በላይ አይስፋ፤ ከዚህ ከሰፋ ሕፃን ሊያሳልፍ ይችላል። ርዝመቱ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።
• ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ታስሮ ከሥር 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ።
• ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 3 እጅ ጠጠር ይሁን። አንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል።
• ከተሞላ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ኮንክሪት ይሰነጠቃል።
• ጉድጓዱ ላይ ከመጫኑ በፊት በአራት ማዕዘኑ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በድንጋይ ተደግፎ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመውበት ይፈተሽ።

የዚህ ወለል ክብደት ወደ 280 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ በጥቂት ሰው ለማንሳት መሞከር አይገባም። ከመጀመሪያው በሁለት ክፍል አድርጎ መሥራት ወይም በድቡልቡል እንጨቶች ላይ እያንከባለሉ ማጓጓዝ ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ በደቦ የሚከናወን በመሆኑ ጎረቤቶች ተባብረው የየቤታቸውን ወለል በአንድ ወቅት ቢሠሩ ወጪም ጉልበትም ይቆጥባሉ።

5.3 የሚናድ ጉድጓድ

በዋልካ መሬት የጉድጓዱ የላይኛው ክፍል መናድ የተለመደ ነው። መናዱ ገና ከጀመረና ከላይ ከግማሽ ሜትር ካላለፈ ወለሉን አንስቶ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት፣ ከዚያም ወለሉን በግንቡ ላይ ማሳረፍ ያስችላል። ወለሉ በቀጥታ በዋልካው ላይ ካረፈ አፈሩ ባበጠና በተሰነጠቀ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ናዳው ከዚህ ዝቅ ብሎ ከሄደ ግን ጉድጓዱን ለማዳን መሞከር ለሠራተኛው አደገኛ ነው፤ ጉድጓዱን ዘግቶ አዲስ መቆፈር ይሻላል።

አዲሱ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከውሃው በታች በኩል፣ ከመኖሪያ ቤትም ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ መቆፈር አለበት። የጉድጓዱ ሥር በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ በላይ መቅረት ይኖርበታል። በዋልካ መሬት ጉድጓዱን ከላይ እስከ ታች በድንጋይ መደገፍ ይመከራል፤ ከታችኛው ክፍል ድንጋዮቹ ያለ ሲሚንቶ ተደርድረው ፍሳሹ እንዲሰርግ ይደረጋል። ክብ ጉድጓድ ከአራት ማዕዘን ይልቅ ናዳን ይቋቋማል።

5.4 የተዘጋ ሲፎን

በእጅ ውሃ የሚደፋበት ወይም የሸክላ ሳህን ያለው መጸዳጃ ሲዘጋ በመጀመሪያ ውሃ መድፋት ያቁሙ፤ ካልሆነ ሞልቶ ይፈሳል። እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ ካለ ሳህኑ ውስጥ ጎማውን የሚሸፍን ውሃ እንዲኖር አድርገው ደጋግመው ይግፉና ይሳቡ። መግፊያ ከሌለ ጫፉ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ወይም ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ በዝግታ በማስገባት የዘጋውን ነገር መሳብ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ መግፋት ችግሩን ወደ መስመሩ ያሸጋግረዋል። ጓንት ያድርጉ፤ ሥራው ሲያልቅ እጅዎንና ዕቃዎቹን በሳሙና ይታጠቡ። ጠንካራ አሲድ አይጠቀሙ፤ ቧንቧን ይበላል፣ ዓይንና ሳንባንም ይጎዳል።

መዘጋት እንዳይደጋገም ጨርቅ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ ድንጋይና የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደ ሳህኑ መጣል የለባቸውም። ለእነዚህ ክዳን ያለው መያዣ በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

5.5 ውሃ የሚያባክን ማጠራቀሚያ

የሳህኑ የውሃ ማጠራቀሚያ ሳይቋረጥ የሚያፈስ ከሆነ የችግሩ መነሻ ከሁለት አንዱ ነው። ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ። ውሃው እስከ ትርፍ መውጫው ቱቦ ደርሶ የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው ኳስ ከፍ ብሎ ተስተካክሏል ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ኳሱን ዝቅ ማድረግ ወይም መለወጥ ይበቃል። ውሃው ከትርፍ መውጫው በታች ሆኖ ግን ወደ ሳህኑ የሚሰርግ ከሆነ ከሥር ያለው የጎማ መዝጊያ አርጅቷል ወይም ደለል ይዟል። ይህን ለማረጋገጥ ጥቂት ቀዝቃዛ ቡና ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምረው ሳይለቁ ለግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ ሳህኑ ውስጥ ቀለሙ ከታየ መዝጊያው ያፈሳል ማለት ነው። ጎማውን ከመለወጥዎ በፊት የውሃ መስመሩን መዝጊያ ይዝጉ፤ ያረጀውን ጎማ ይዘው በመሄድ ተመሳሳዩን ይግዙ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ማጠራቀሚያው ባዶ ቢሆንም መጸዳጃ ቤቱን መጠቀም ይቻላል፤ ከ5 እስከ 6 ሊትር ውሃ በባልዲ በአንድ ጊዜ ወደ ሳህኑ መድፋት በቂ ነው። ለብዙ ቀናት ጥቅም ላይ ያልዋለ ሳህን ሲፎኑ ደርቆ ሽታ ስለሚያስገባ በየጊዜው ጥቂት ውሃ ይጨመርበት።

5.6 ወደ ኋላ የሚመለስ የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ

ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽን የሚያጣራው ደለሉ ወደ ታች ሰክኖ፣ ቅባቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ፣ መካከል ያለው ፈሳሽ ብቻ ወደ ማስረጊያው ሲያልፍ ነው። ደለሉ ሲበዛ ወደ ማስረጊያው ያልፍና መሬቱን ይደፍነዋል፤ በዋልካ መሬት ደግሞ አንድ ጊዜ የተደፈነ ማስረጊያ ተመልሶ አይከፈትም። ስለሆነም ታንኩን ሳይሞላ ማስነሳት ግድ ነው። በጥቅሉ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስነሳት ይመከራል።

ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም ዘንግ በመፈተሻው ቀዳዳ በኩል ቀጥ አድርገው እስከ ታንኩ ሥር ያስገቡ፤ ለጥቂት ደቂቃ አቆይተው በዝግታ ያውጡ። በጨርቁ ላይ የሚታየው ጥቁር ደለል ከፈሳሹ ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከደረሰ ታንኩ መነሳት አለበት። ይህን ሲያደርጉ ፊትዎን ወደ ቀዳዳው አያቅርቡ፤ ሲጋራም ሆነ ክብሪት በአቅራቢያው አይለኩሱ።

ፍሳሹ ወደ ኋላ የሚመለሰው በክረምት ብቻ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ታንኩ ሳይሆን ማስረጊያው ነው። የጣሪያና የግቢ ጎርፍ ወደ ማስረጊያው እንዳይገባ ያርቁ፤ የልብስ ማጠቢያ ውሃን በተለየ ቦይ ያውጡ። ችግሩ ከቀጠለ ጠጠር የተሞላበት ረጅምና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ተጨማሪ ማስረጊያ በባለሙያ ምክር ያስቆፍሩ። ፍሳሹን ወደ መንገድ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ከዚህ አካባቢ የሚነሱ ጅረቶች ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ በመንገዳቸው ለመጠጥና ለከብት የሚቀዱ ናቸው።

6. የጉድጓዱን ዕድሜ መገመትና የሞላውን መዝጋት

አንድ ሰው በዓመት በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚያጠራቅመው ወደ 60 ሊትር ይገመታል። ስፋቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከላይ ግማሽ ሜትር ሲቀረው እንደ ሞላ ስለሚቆጠር ጥቅም ላይ የሚውለው 2,500 ሊትር ነው። 6 አባላት ላሉት ቤተሰብ በዓመት 360 ሊትር ስለሚሆን ጉድጓዱ ወደ 7 ዓመት ያገለግላል። ድንጋይ፣ ቆረቆንዳና ወረቀት ለመጥረጊያ የሚውል ከሆነ ግን የአንድ ሰው ድርሻ እስከ 90 ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜውም ወደ 4 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ቆሻሻ መጣያ የሆነ ጉድጓድ ከዚህም ፈጥኖ ይሞላል።

ይዘቱ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው አዲስ ጉድጓድ ይዘጋጅ። አሮጌው ቢያንስ በግማሽ ሜትር አፈር ተሸፍኖ፣ ከላይ ጉብ ተደርጎና ታጥሮ መዘጋት አለበት፤ አፈሩ በክረምት ስለሚሰጥም በየዓመቱ ይሞላል። ይዘቱን ለማዳበሪያነት ማውጣት የሚፈልግ አርሶ አደር ከተዘጋ ቢያንስ 2 ዓመት መጠበቅ አለበት። በደጋ ቅዝቃዜ የወስፋት እንቁላል ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ይህን ጊዜ ማሳጠር አይገባም። በቦታው ላይ ዛፍ መትከልም ጥሩ አማራጭ ነው።

7. ለሕይወት ጥንቃቄ የሚሹ ክልከላዎች

አገልግሎት ላይ የዋለ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ማንም ሰው መግባት የለበትም። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት እስትንፋስ ራሱን ሊያስት ይችላል። የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሽታ አለመሰማቱ ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ሜቴን ጋዝም በእሳት ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ለማየት ጧፍ፣ ኩራዝ ወይም ክብሪት አይጠቀሙ።

የወደቀ ዕቃ ለማውጣት፣ ለምሳሌ ስልክ ወይም ቁልፍ፣ ወደ ጉድጓድ መውረድ ከሚያስከትለው አደጋ ጋር የሚመጣጠን ዋጋ የለውም። ሰው ከወደቀ ወይም ውስጥ ራሱን ከሳተ ያለ መከላከያ መሣሪያ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሕይወት ማጣት ነው። ገመድ ወደ ታች ይልቀቁ፤ ክዳኑን ከፍተው አየር እንዲገባ ያድርጉ፤ ወዲያውኑ ለፖሊስና በአቅራቢያ ላለው ጤና ተቋም ያሳውቁ። ሥራ ላይ ያልዋለ ወይም በቁፋሮ ላይ ያለ ጉድጓድ ሳይከደንና ሳይታጠር ማደር የለበትም።

8. መብትና ግዴታ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ደግሞ ቆሻሻን አካባቢን በሚበክልና ጤናን በሚጎዳ መንገድ ማስወገድን ከልክሏል፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችም ንጹሕና በቂ መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ስለዚህ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ጠላ ቤቶችና ሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች መጸዳጃ ቤታቸው ሲበላሽ ለደንበኞች ዝግ አድርገው መቆየት ሳይሆን በፍጥነት መጠገን ይጠበቅባቸዋል።

ብዙ አባወራዎች በአንድ ግቢ በሚጋሩት መጸዳጃ ቤት የጽዳት ተራ በጽሑፍ ቢወጣና ለጥገና የሚሆን መዋጮ በየወሩ ቢቀመጥ አለመግባባትን ያስቀራል። አከራይና ተከራይ ውል ሲዋዋሉ የዕለት ጽዳት፣ የጉድጓድ ማስነሳትና የእድሳት ወጪ በማን እንደሚሸፈን በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲጠቀስ ይመከራል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡር እናቶች ለሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት የመደገፊያ እንጨት ወይም ብረትና ከፍ ያለ መቀመጫ በጥገናው ወቅት ሊታሰብ ይገባል።

9. አገልግሎት የት ይገኛል?

• የገጠር ነዋሪዎች፦ በቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ቦታ መረጣ፣ ስለ አሠራርና ስለ አያያዝ ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣሉ። የሰው ዓይነ ምድር አወጋገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ፓኬጆች አንዱ ነው።
• የከተማ ነዋሪዎች፦ ለአዲስ ግንባታ፣ ለሴፕቲክ ታንክ እድሳትና ለፍሳሽ ማስነሳት ጥያቄ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ለውሃ መስመር ብልሽት ደግሞ ወደ ከተማው የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ያመልክቱ።
• የብክለት ጥቆማ፦ ፍሳሽ ወደ መንገድ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ ሲለቀቅ ለቀበሌ አስተዳደርና ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በቃል ወይም በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

የፍሳሽ ማንሻ ተሽከርካሪ ከመጠየቅዎ በፊት የታንኩን ስፋትና ጥልቀት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳበትን ጊዜ፣ ተሽከርካሪው እስከ ምን ያህል ርቀት ሊቀርብ እንደሚችልና የታንኩ ክዳን የሚገኝበትን ቦታ ለይተው ይዘጋጁ። ክዳኑ በአፈር ወይም በሲሚንቶ ከተሸፈነ አስቀድመው ያስከፍቱ። ፍሳሹ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ደለል መቅረቱ የማብላላቱ ሥራ እንዲቀጥል ስለሚረዳ ታንኩን ማጠብ አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ውሃ ተሞልቶ ክዳኑ በአግባቡ ይዘጋ። ፍሳሹ የተነሳበትን ቀን በክዳኑ ላይ ወይም በቤት መዝገብ መጻፍ ለቀጣዩ ጊዜ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

በዚህ ማብራሪያ ከተዘረዘሩት ተግባራት አብዛኞቹ ከአካፋ፣ ከመጥረጊያ፣ ከአመድና ከጥቂት ሰዓት ጉልበት ያለፈ ወጪ አይጠይቁም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማከናወን ለማይችል ቤተሰብ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሦስት ናቸው፦ ወለሉ ሰው የሚሸከም መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከሰኔ በፊት የጎርፍ ቦዩን መጥረግና የእጅ መታጠቢያውን ከነሳሙናው በቦታው ማኖር። ሌሎቹ ጥገናዎች ከመኸር በኋላ ባለው ጊዜ ተራ በተራ ሊከናወኑ ይችላሉ።